ቀጮን የበደለው ሚዛን

ተራ የሥራ ቀን ፕሮግራመሯን ሁለት አውቶቡስ፣ ስልሳ አራት ደረጃና ልጇን መዋያ ስታደርስ አንድ ለቅሶ ያስከፍላታል፤ ለቅሶው አንዳንዴ የልጁ ነው፣ አንዳንዴ የራሷ። ያ ማክሰኞ ግን ሥራዋን ጭምር ሊያስከፍላት ነበር።

የምትሠራው የሕፃናት ሚዛን በሚገጣጠምበት ትንሽ ወርክሾፕ ነው። ሚዛኑ የሚታዘዝበትን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ አለቃዋ ጠሯት።

"ጤና ጣቢያው ሃያውንም ሚዛን እመልሳለሁ እያለ ነው። እስከ ነገ ካላስተካከልሽ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

"ምን ሆነ አሉ፣ ጋሼ?"

"ያብዳል አሉ። በቃ!"

እየሮጠች ጤና ጣቢያ ደረሰች። ሕፃናቱን የምትመዝነው ሲስተር ትከሻዋን ሰበቀች። "አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የራሱን ያወራል።"

አግዳሚው ላይ መንታ የታቀፈች እናት ተቀምጣለች፤ አንዱን ድንቡሼ፣ ሌላውን ቀጮ ትላቸዋለች።

"እኔ ልንገርሽ፣ እህቴ" አለች። "ድንቡሼ ቀድሞ ከተመዘነ ቀጮም የእሱን ያህል ይከብዳል። ቀጮ ከቀደመ ደግሞ ድንቡሼ ባንዴ ይከሳል! ለሲስተር ብነግራት 'መንታ አይደሉ እንዴ' ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆኑስ? ክንዴ አይዋሸኝም! ይኸው ቀጮዬ ወር ሙሉ በወንድሙ ኪሎ ደህና ነህ እየተባለ ይሸኛል።"

ፕሮግራመሯ የቀጮን ቀጫጭን እግሮች አየች። የራሷ ጭንቀት ከዚያ በኋላ ትዝም አላላት። ሲስተርን ብትጠይቃት ለሌላው ሕፃን ሚዛኑን አጥፍታ ታበራለች፤ ለመንታዎቹ ግን ሳታጠፋው አንዱን አንስታ ሌላውን ታስተኛለች።

ወርክሾፕ ተመልሳ የጻፈችውን አነበበች። "ሁልጊዜ አዲስ አንብብ" ይላል፤ እንከን የለውም። የቀረው ተጠርጣሪ ኮምፓይለሩ ነው፤ እሷ የጻፈችውን ወደ ሚዛኑ ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም።

ይህን ስትነግራቸው አለቃዋ ሳቁ። "ፈተና የወደቀ ሁሉ ጥያቄው ነው የተሳሳተው ይላል!"

"እሺ ይዩት፣ ጋሼ።"

መጀመሪያ ኮምፓይለሩን ቃል በቃል እንዲተረጉም አዘዘችው። አንድ ሊትር ውኃ አስቀመጠች፣ አንድ ኪሎ። ሚዛኑን ሳታጠፋ በሁለት ሊትር ቀየረችው፣ ሁለት ኪሎ። ቀጥላ ለጤና ጣቢያው እንደተላከው "አፋጥነው" አለችው። አንድ ሊትር፣ አንድ ኪሎ። ሁለት ሊትር፣ አሁንም አንድ ኪሎ! ትርጉሙን ከፍታ አሳየቻቸው፦ ኮምፓይለሩ ለመፍጠን ሲል፣ አሁን አይደል እንዴ ያነበብኩት ብሎ፣ ሁለተኛውን ንባብ ዘሎታል።

"የእህቴን ልጅ ይመስላል፤ የቤት ሥራውን የሚገለብጠውን" አሉ አለቃዋ፣ አንገታቸውን እያከኩ።

ማፋጠኑን ትታ እንደገና አስተረጎመችው፤ ስህተቱንም በአሥር መስመር አሳጥራ ለኮምፓይለሩ ሠሪዎች ላከች። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሃያውንም ሚዛን አስተካከለች፤ መንታዎቹም እንደገና ተመዘኑ። ድንቡሼ አምስት ኪሎ ተኩል፣ ቀጮ አራት ኪሎ ከመቶ ግራም።

"እኔስ ምን አልኩ!" አለች እናት። ሲስተር ፈገግ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ካርዱን አርማ ለቀጮ በየሳምንቱ ክትትል ጻፈችለት። አለቃዋም ስለ ሌላ ሰው ዳግም አላነሱ።

ፕሮግራመሯ እናንተን የምትለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ማሽን ሲያስቸግራችሁ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ፣ በመሃል የትኛውን ቁልፍ ነካችሁ፣ ይህን ሳታፍሩ ንገሯት። ስልክ ቁጥሯ ከየሚዛኑ ጀርባ ተለጥፏል።