ተጋድመው የሚለኩት መስኮት

በደርግ ዘመን የመንግሥት ግንበኛ ነበርሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ለፋብሪካውም ለኮሌጁም አርማታ ሞልቻለሁ፤ አለቆቼ ግን ከተማው ውስጥ ብዙ አያቆዩኝም። ከአንዱ ሥራ ተመልሼ እጄን ሳልታጠብ ሌላው ይታዘዛል፤ ዛሬ ይፋግ፣ ነገ ከዚያም ወዲያ። ጎረቤቶች ባለቤቴን "ባልሽ ደህና ነው?" ሲሏት "አይታችሁት ከሆነ እናንተ ንገሩኝ" ትላቸው ነበር። ቀልዷን ነው፤ ቀልዱ ግን እያደር መረረኝ።

ወደ ዘመኑ መጨረሻ፣ በግል ሥራ ላይ ያለው ቁጥጥር ላላ ሲል፣ ነገሩን ያነሣችው እሷ ናት።

"ለምን የራሳችንን አንሠራም? አንተ እንጨቱን ታቆማለህ፤ ጭቃውን እኔ አውቅበታለሁ፣ ጭቃ እየመረግሁ ያደግሁ የዱርቤቴ ልጅ አይደለሁ?" አለች።

ጭቃ! አርማታ ስሞላ የኖርሁት ሰውዬ! ደግሞስ የመንግሥት ደመወዝ እንዲሁ ይጣላል? ዳሩ ግን ሲሚንቶ ያኔ በግለሰብ እጅ የሚገባ ነገር አልነበረም፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ በእንጨትና በጭቃ ነው የሚሠራ። አለቃዬን ለምኜ እስከ ክረምት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰድሁ። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ይህን ነው፤ የመጀመሪያው ቤት አሠሪውን ደስ ካሰኘ ከእንግዲህ ከቤቴ አልርቅም፤ ካላሰኘ ሻንጣዬን አንሥቼ ወደ መንግሥት ሥራ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው አሠሪያችን አንድ አረጋዊ መሪጌታ ሆኑ። ጣና ውስጥ ባለች ደሴት ቤተ ክርስቲያን ከልጅነታቸው ጀምረው አገልግለው፣ ጉልበታቸው ታንኳ መውጣት መውረዱን እንቢ ሲላቸው ወደ ዳር ተሻግረው አቋቋም ያስተምራሉ። ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ስለ ቤቱ ስፋት አልተናገሩም፣ ስለ በሩም ምንም አላሉ። "ደሴቷን የማይበት መስኮት ብቻ አውጡልኝ" አሉ። እኔም በለመድሁት የመንግሥት ልክ፣ በቱንቢና በውሃ ልክ፣ በሐይቁ በኩል የመስኮቱን ቦታ ክፍት ትቼ ግድግዳውን በማገር አሰርሁ።

ጭቃውን የሚያቦኩልን የየኔታ ተማሪዎች ነበሩ። እንደዚያ ያለ አቦካክ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ጭዱ ሲበተን ልብሳቸውን ሰብስበው ይገባሉ። መጀመሪያ ማሕሌት እንደቆመ ሰው ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ ይጀምራል፣ ዜማው ይፈጥናል፣ እግራቸውም ይፈጥናል፣ ጭቃው እስከ አገጫቸው ይረጫል። ባለቤቴ እየሣቀች ውሃ ትጨምራለች። የእኔም ትከሻ ሳላዘው ይነቃነቃል። ስንት ዓመት ስሠራ ኖሬ፣ ለካ ሥራ እንዲህም ይጣፍጣል!

ግድግዳው በሚመረግበት ቀን እኔና ባለቤቴ ለበር የሚሆን ጣውላ ልንገዛ መሸንቲ ገበያ ወጣን። ምርጊቱን ለተማሪዎቹ ትተንላቸዋል። ስንመለስ ቤቱ አምሮ ጠበቀን፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ተመርጓል። ከዳር እስከ ዳር! መስኮት የሚባል ነገር የለም።

"በሐይቁ በኩል የነበረው ክፍትሳ?" አልሁ።

የትልቁ ተማሪ ፊት በራ። "እሱንማ ደፈንነው! እንጨት ያነሰዎት መስሎን ማገር ጨምረን አሰርነው። የኔታን ንፋስ እንዳይመታቸው ብለን ነው" አለ፣ ምስጋናውን እየጠበቀ።

ምን ይባላል? እነሱ የሚያድሩት መስኮት በሌላት የሣር ጎጆ ነው፤ እዚያ ቀዳዳ ከታየ ቶሎ ይደፈናል። ቢሆንም ደሜ ፈላ። ሻንጣዬ ከአልጋው ሥር ሲወጣ ታየኝ።

በዚህ መሃል የኔታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው መጡና ወደ ጨለማው ገቡ። "ደሴቴ የት አለች?" አሉ። ባለቤቴ "የኔታ፣ አልጋዎ በየት በኩል ነው የሚሆነው?" አለቻቸው። ጥጉን አሳዩ። ጭድ አመጣችና አነጠፈች፤ "እስቲ ጋደም ይበሉ" አለች።

እኔ መጋዝ አንሥቼ የቀድሞውን ቦታ ከፈትሁት። የኔታ ተጋድመው አዩ፣ አዩና "ሰማይ ነው የሚታየኝ" አሉ።

ክው አልሁ። መስኮቱን የለካሁት ለቆመ ሰው ነበር። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው ሲያማቸው ቀኑን ሙሉ ጋደም ብለው ነው የሚውሉ።

"ዝቅ አርገው" አሉኝ። "አሁንም ዝቅ። ወደ ግራ ጥቂት።" ጭቃው ገና እርጥብ ስለሆነ ሳያስቸግር ይቆረጣል። ከታች እኔ እከፍታለሁ፣ ከላይ ተማሪዎቹ ይደፍናሉ፤ በዚህስ ማን ይቀድማቸዋል! ትንሽ ቆይቶ የኔታ ድምፃቸው ጠፋ።

"የኔታ፣ አሁንስ ዝቅ ይበል?"

"ዝም በል አንተ ልጅ" አሉኝ። "እያየኋት ነው።"

ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ተኝተው እንዳሉ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ተማሪዎቹ ይህን ነበር የሚጠብቁት፤ ከነጭቃቸው ተነሥተው ያሸበሽቡ ጀመር። ባለቤቴ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ ደስታው ሲበዛብኝ መጋዜን እንደያዝሁ በሩ ላይ ቁጭ አልሁ።

ወደ መንግሥት ሥራ አልተመለስሁም። ከዚያ ወዲህ በሠራነው ቤት ሁሉ መስኮት የምንከፍተው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምርጊቱ ሳይደርቅ የቤቱን ሰው ጭድ ላይ አጋድመን። የከተማው ሰው "ቤት አሠራለሁ ብለህ ብትሄድ ጭድ ላይ ያስተኙሃል" እያለ ይቀልድብን ነበር፤ ቀልዱም ሥራ አመጣልን። የቀድሞው አለቃዬ ሳይቀር ሊሥቅ መጥቶ ማድ ቤት አሠርቶ ሄደ።

የራሳችንን ቤት በሠራን ጊዜ ለባለቤቴ ጭዱን ያነጠፍሁላት እኔ ነኝ። ሐይቁን ትመርጣለች ብዬ ነበር። አለዚያም መንገዱን፣ እኔን ስትጠብቅበት የኖረችውን።

"መንገዱንስ አይቼ ጠግቤዋለሁ" አለች። ተጋድማ እጇን ዘረጋችና ወደ ጓሮ፣ እንጨት ወደምጠርብበት ቦታ ጠቆመች።

"በዚያ በኩል ክፈተው።"