የጎሚስታው መዳፍ

መሪው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሞተሩ አለቀለት ብዬ ነበር። መካኒኩ ገና ስላልከፈተ አጠገቡ ያሉት ጎሚስታ ጋ ቆምኩ።

ሽማግሌ ናቸው፤ ከሰማያዊ ቱታቸው ላይ የሴት ሹራብ ደርበዋል። ኮፈኑን ስከፍትላቸው ዞር ብለውም አላዩት። ጓንታቸውን አውልቀው፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው መዳፋቸውን ጎማው ላይ አሳረፉ።

«ትናንት ቀትር ላይ ረጅም መንገድ ነድተህ፣ ንፋሱ በዛ ብለህ አስተንፍሰኸዋል፤ አይደል?»

«በምን አወቁ?»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው። ጎማ ሲግል ይኮፈሳል፤ ሌሊት ሲበርደው ይሟሽሽና ቆሞ ያደረበት በኩል ይጠፈጠፋል፤ መሪህን ያንቀጠቀጠው እሱ ነው። የሚለካው ጠዋት ነው፣ ሳይነዳ። ሞተርህ ደህና ነው ልጄ፣ አትሸበር።»

አራቱንም ነፉልኝና «ጎማው እስኪሞቅ ቀስ ብለህ ዞር ዞር በልና ና» አሉኝ። ስመለስ መሪው ጸጥ ብሏል። እፎይ አልኩ።

«አባባ፣ መለኪያ እያለዎት ለምን በመዳፍ ይጀምራሉ?»

ሹራቡን ቁልቁል ጎተት አድርገው ሳቁ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። ባለቤቴ አልጋ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ሌሊት እየቀዘቀዘ ስለሚያስቸግራት ጠዋት ጠዋት ዳብሼው ነው ከቤት የምወጣው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሞቆ አገኘሁት» አሉና ጓንታቸውን አጠለቁ።