ያልተጠረገው ጠበል

ባለፈው ታኅሣሥ ልጄን ጠይቄ ከፍራንክፈርት ስመለስ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ቆሞ ቀረ። ክንፉ ላይ በረዶ አለና እስኪታጠብ ታገሡ አሉን። በመስኮት ሳይ አንድ ሰው ከፍ ያለ መኪና ላይ ቆሞ ክንፉን ይረጫል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ፎቶ አነሣች። እኔ አባዬን አየሁ።

አባዬ ደብረ ብርሃን ቄስ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ሰሎሞን ቴክኒክ ትምህርት ቤት እያለ ከቀርከሃና ከሸራ ሞተር የሌለው መብረሪያ ሠራ። ከጣርማ በር ገደል አፋፍ ተነሥቶ ታች ቆላው ላይ ሊያርፍበት ነው። ክረምቱን ሙሉ ሸራውን ቀለም እየቀባ፣ ስፌቱ እንኳ በጣት እስከማይታወቅ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው።

«ነፋሱ ክንፉን ልሶ ማለፍ አለበት» ይለኝ ነበር። «ሻካራ ካገኘ ይለቀዋል። ነፋሱ ከለቀቀው እኔም ወደቅኩ ማለት ነው።»

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ማለዳ በአይሱዙ ጭነን ወጣን። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ጣቶቼ ደንዝዘው ኪሴ ውስጥ ያለውን የገብስ ቆሎ መዝገን አቃተኝ። ሰሎሞን ክንፉን በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ ሲጨርስ አባዬ መስቀላቸውንና የጠበል ጀሪካናቸውን ይዘው ቀረቡ። ሲቆጡ ከርመው በመጨረሻ ሊባርኩት መጡ። ሰሎሞን ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

አባዬ ጠበል ሲረጩ አይሰስቱም። የክንፉን ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረሱት። ጠብታው ባረፈበት በረዶ ሆኖ ቀረ፤ ያ ሁሉ የተፈገፈገ ሸራ የላም ምላስ መሰለ።

«ጋሼ፣ ልጥረገው?» አልኩት በሹክሹክታ።

በጣቱ ዳሰሰው። «የአባዬን ጠበል?» አለኝና መብረሪያውን ተሸክሞ ወደ አፋፉ ሮጠ።

ግራ ክንፉ ቀድሞ ወረደ። ከአፋፉ በታች አንድ እርከን ላይ ወድቆ ተገኘ። ሰው ሁሉ ሲጮኽ እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ምንም አልተሰማኝም።

ሆስፒታል ሲነቃ ስለ እግሩ እንኳ አልጠየቀም። «የክንፉ ሽቦ ነው የተበጠሰው፣ እሺ?» አለኝ። እሺ አልኩ። አባዬ እስኪሞቱ ድረስ «ልጄን ያተረፈልኝ ያ ጠበል ነው» እያሉ ኖሩ። ሰሎሞንም ሁልጊዜ «አሜን» ይላቸው ነበር።

ቦሌ እንዳረፍኩ ደወልኩለትና ክንፉን ሲረጩ ማየቴን ነገርኩት።

«ውሃው ሙቅ ነበር?»

«ይጨሳል።»

ክራንቹ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ።

«ብናውቅ ኖሮ እናሞቅላቸው ነበር» አለ።

ማልቀስ የነበረብኝ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግን ከዚያ ማለዳ ወዲህ የደነዘዘው ጣቴ ብቻ አልነበረም። ስልኩን ዘግቼ ሻንጣዬን መጠበቅ ጀመርኩ።