ምን በልተሽ ነው?

እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ማግኘቷን የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ምስር ታህላለች» አለችኝ፣ ስለ ጓዳ እህል የምታወራ ይመስል። ያኔ አዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ነው የሚገኘው። ምክር ግን ያለ ኩፖን ይታደል ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» ብላት «ለዚች? ሰው ምን ይላል?» አለች። ሰውማ ማለት ጀምሯል፤ ከእኔ በፊት ለሁለቱ ጎረቤቶቻችን ነግራቸው ኖሯል።

ከቀኝ አጥር ማዶ ያሉት ከሰሜን የመጡ የአስተማሪ ሚስት ናቸው፤ አንድ ረቡዕ ሽረው አያውቁም። ከግራ ያሉት የሲዳማ ተወላጅ ናቸው፤ ጴንጤ ስለሆኑ ረቡዕም ሐሙስም አንድ ነው። በዚያ ዘመን ቀኝ ወይም ግራ መባል ያሳስር ስለነበር፣ የማወራው ስለ አጥር ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ።

«በዐቢይ ጾም አሣ በልተሽ ነዋ!» አሉ የቀኟ። «አሣ ሥጋ አይደለም ስትይኝ አልነገርኩሽም?»

«ጾሙ ነው ያደረቃት» አሉ የግራዋ። «ሰውነት ቅቤ ካላገኘ ደም ይረጋል፤ ይቋጠራል።»

ጡቷን ልይልሽ ያላት የለም። ጡት ነውር ነው፤ ሳህን ግን የሰፈር ነው። እናቴ ደግሞ ሰው ማስቀየም አትወድም፤ ስለዚህ ለቀኟ ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ከዚያ ለግራዋ ብላ ለጋ ቅቤ ትውጣለች። «ረቡዕ እኮ ነው» ስላት «መድኃኒት ነው፣ እግዜር ያውቃል» ትለኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እናቴ ግን ባለመደበቋ መድኃኒት በዛባት።

ለፍልሰታ ምስሯ ባቄላ አከለች። ይህን ስትነግረኝ ተናደድኩና «በቃ አሳዪኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከፈተችልኝ። በጣቴ ነካሁት፤ ድንጋይ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። በጣም ፈራሁ። በማግስቱ አለቃዬን አስፈቅጄ ከመናኸሪያ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ሐኪሙ በትሕትና «እናቴ፣ መቼ ነው ያገኙት?» አላት።

«አሣውን የበላሁት ትንሽ ነው» ብላ ጀመረች። ቀጥላ ቅቤውን፣ ጾሙን፣ የጠጣችውን አጥሚት ሁሉ ዘረዘረችለት። ምስኪን፣ ሌላ ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም።

ሐኪሙ አስጨረሳት። «አመጋገብ ድርሻ የለውም አልልዎትም። መጠጥ ማብዛት፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላም በጣም መወፈር ሴትን ለጡት ነቀርሳ ያጋልጣል ይባላል። ግን ጠብታ ጠጥተው የማያውቁ ቀጫጭን ሴቶችም ይመጡብኛል። የወጣውን እብጠት ደግሞ ጾምም ቅቤም አያሟሟውም። የጠየቅሁዎት መቼ እንዳገኙት ነው።»

«ከፋሲካ በፊት» አለች መሬት መሬት እያየች።

ጡቷ ተቆርጦ ወጣ።

አዋሳ በተመለስን ማግሥት ሁለቱም መጡ፤ አንዷ የአጃ አጥሚት፣ አንዷ በቅቤ የራሰ ቆጮ ይዘው። ገና ሳይቀመጡ የትኛው ይቅደም ብለው ክርክር ያዙ። እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች።

«ሳህኑን አስቀምጡና በሩን ዝጉት። አሁን እጃችሁን በአንገታችሁ ሥር አስገቡ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ የግራዋ። የቀኟም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሐኪሙ እንዳስተማራት፣ በቀረላት ጡት ላይ ጣቶቿን ዝርግ አድርጋ ዙሪያውን እየዳበሰች አሳየቻቸው። እየተሽኮረመሙ ተከተሏት። እኔም የተቀበልኳቸውን አጥሚት አስቀምጬ እጄን አስገባሁ።

የቀኟ ሴትዮ ሳቃቸው ተቋረጠ። እጃቸው ብብታቸው አጠገብ አንድ ቦታ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እዚያው ቆመ። ቀና ብለው እናቴን አዩዋት።

የግራዋ ተነሡ። የወደቀውን ነጠላ በጎረቤታቸው ትከሻ ላይ አደረጉላቸው።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አሏቸው።

ምን በልተሽ ነው ያላቸው አልነበረም።