ፍንጭቴን ያተረፈች ጠብታ

የታጠቁ ሰዎች ከንፋስ መውጫ የወሰዱኝ የባለቤቴ ተዝካር በወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። ለተዝካሩ እነማን እንደ መጡ ጠየቁኝ፤ ዝም ስል ከል እንደ ለበስኩ እስር ቤት አስገቡኝ። ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበር። የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አሁንም ገብስ ይታያል። ሁለት ሴቶች አገኘሁ፤ ዕድሜያቸው የገፋ እማሆይና ወጣት የጥርስ ነርስ።

በሳምንቱ ቀዝቃዛ ውኃ የፊት ጥርሴን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ነርሷ ፊቴን ወደ ጠባቡ መስኮት አዞረችው።

"እታለም፣ ከፍንጭትሽ ጎን መበስበስ ጀምሯል። ገና ላይ ላዩን ነው።"

ጠባቂው ከበሩ ሰማ። "ነገ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስነቅልሻለሁ።"

ባለቤቴ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ፍንጭት" ነበር የሚለኝ። ጥርሴ ከተነቀለ መጠሪያዬም አብሮ የሚሄድ መሰለኝ።

"ለምን ይነቀላል?" አለች ነርሷ። "መሰርሰሪያ የለ፣ መርፌ የለ፤ አንዲት የመድኃኒት ጠብታ ትበቃዋለች። የያዛችሁብኝን ቦርሳ አምጣና እይ።"

ጠባቂው ጉንጩን ያዘ። "የኔንስ ታዪልኛለሽ?"

"መጀመሪያ እሷ፣ ከዚያ አንተ።"

"እስረኛ ደግሞ ተራ ያስይዘኝ?"

"ልጄ፣ ያመመው ሰው ይሰለፋል" አሉ እማሆይ።

ቦርሳው መጣ! ነርሷ ከንፈሬን ቫዝሊን ቀባች፤ ጥርሴን በጥጥ አደረቀች፤ ትንሽ ጠርሙስ ከፈተች።

"መበስበሱን ባለበት ያቆመዋል። ቦታው ግን ይጠቁራል፤ ታጥቦ አይለቅም። ትፈቅጃለሽ?"

እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"እፈቅዳለሁ!" አልኩ። ድምፄ ለራሴም ከፍ አለብኝ።

በቀጭን ብሩሽ አስነካችው። አፌን የብረት ጣዕም ሞላው። እሷ ሰከንዱን ስትቆጥር እማሆይም አብረው ቆጠሩ። "በቃ" አለች። ይኸው ነበር! ጠባቂው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፈተ።

በማግሥቱ ጥርሴ ጠቆረ፤ እያደር ጥዝጣዜው ጠፋ። እማሆይ ቀረብ ብለው አዩኝ። "አይ አንቺ፣ ጥርስሽም ከል ለበሰ!" ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ።

ዳግመኛ ለጥያቄ ሲጠሩኝ አፌን በነጠላ አልሸፈንኩም። "ባለቤቴን ሊያስቡ የመጡ ሰዎችን ስም አልሰጥም" አልኳቸው። ጥርሴን እያዩ ቃሌን ጻፉ።

ቆይቶ ተፈታሁ፤ ሙት ዓመቱም ሞላ፤ ዘመዶቼ ከሌን አስወለቁኝ። ነርሷም ተፈትታ ሥራዋ ላይ ናት። ባለፈው ስንገናኝ ጥቁሯን ነጥብ በነጭ መሙያ ልሸፍንልሽ አለችኝ።

"ተያት" አልኳት። "ፈቅጄ የለበስኳት እሷን ብቻ ነው።"