የዘይነባ ሩዝ

ረቡዕ፣ ኅዳር ፳፫ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ፣ ከጓሮ ያለውን ሰርቪስ ቤት ከተከራዩት ሁለት ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ክፍል አንድ ሽታ መጣ። ኮረሪማ እንዳልል ኮረሪማ እንዲህ አይቀጥንም፤ ቀረፋም ካለበት ከሥር ተደብቆ ነው። ሄል ነበር፤ ከሩዝ ጋር የሚበስል ሄል። ጋዜጣዬን አጥፌ ዐይኔን ጨፈንሁ፤ ሽታውም እጄን ይዞ፣ ዛሬ ፎቅ ወደ ተሠራበት ወደ ልጅነቴ ሰፈር ወሰደኝ።

በዚያ ሰፈር ከእኛ ጋር አንድ አጥር የሚለያቸው ጎረቤቶች መምህር ኢድሪስና ባለቤታቸው ዘይነባ ነበሩ። እሳቸው ከድሬዳዋ ተመድበው የመጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው፤ እሷ ደግሞ የደጋው ብርድ ዐጥንቷ ድረስ የዘለቀ፣ በሻሿ ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ የባሏን ካፖርት ደርባ ውኃ የምትቀዳ፣ ገና ልጅነት ያልለቀቃት ሴት። ከእናቴ ጋር ያወዳጃቸው አንዲት ባለአበባ የቆርቆሮ ሳህን ናት። የጎረቤትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር በመሆኑ፣ ሳህኗ በእኔ እጅ አጥሩን እየዞረች ስትሄድና ስትመጣ፣ የማን እንደነበረች ውሎ አድሮ ሁለቱም ረሱት። ሥጋ ብቻ አይገባባትም፤ የእኛን እርድ እነሱ፣ የእነሱን እኛ አንበላምና። ይህን ማንም ደንብ ብሎ ተናግሮት አያውቅም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። በዐቢይ ጾም እናቴ ስልጆ ላከችላት፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ በስሎ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት የቦካ። ዘይነባ ገና ከመቅመሷ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ከአጥሩ ማዶ ተጣራች።

«እትዬ የሺ! ይኼ በአፍ ነው በአፍንጫ የሚበላው?»

«በሁለቱም ነው፤ በርቺ!» አለቻት እናቴ።

ከእሷም ቤት አምባሻ እንዳይባል አምባሻ ያልሆነ፣ ስኳርና ጥቁር አዝሙድ የገባበት በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ይመጣል፤ እንግዳ ምግብ አልወድም ባይ የነበረው አባቴ «እስቲ ልመርምረው» እያለ መርምሮ ይጨርሰዋል።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ዘይነባ የእናቷን መርዶ ሰማች። ሰፈሩ እንደ ወጉ ንፍሮውንም እንጀራውንም ይዞ ቤቷ ተቀመጠ፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከውኃ በቀር አልቀምስ አለች። እናቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰችም፤ ምንም አልፈየደም። አንድ ጠዋት መምህር ኢድሪስ ከበራችን ቆመው፣ ያ ቁጥብ ሰው፣ «እትዬ የሺ፣ ይቺ ልጅ ልትሞትብኝ ነው» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ራሷ መጣች። ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛለች። በሳህኗ ላይ ቢጫ ሩዝ ክምር ብሎ፣ ዘቢብ ጣል ጣል ተደርጎበት፣ ያ ሽታ ቤታችንን ሞላው። በእኛ ዘንድ ሩዝ የበሽተኛ ምግብ ነበርና እንዲህ አጊጦ አይተነው አናውቅም።

«እናቴ የምትሠራልኝ ነው» አለች። «ተነሥቼ ሠራሁት፤ ብቻዬን ግን አልወርድልኝ አለ።»

ጾመ ነቢያት ገብቷል። ሩዙ ደግሞ ያብረቀርቃል፤ በዘይት ይሁን በቅቤ በዐይን አይለይም። እናቴ በጾም ቅቤ የነካውን ቢላ እንኳ በአመድ ፈትጋ የምታጥብ ሴት ናት። የሌላውን ሰው ጾም መጠበቅ የምትወደው አክስቴ ጥሩነሽ ከአጠገቧ ሆና «ጠይቂያት እንጂ!» እያለች በክርኗ ትጎሽማታለች።  እናቴ ግን እጇን ታጠበች፤ ከሩዙ ጨብጣ ጎረሰች።

«እሰይ! እናትሽ ባለሙያ ነበሩ» አለች፤ ሁለተኛውንም ጠቅልላ ዘይነባን አጎረሰቻት። ዘይነባ አላመጠች፤ እንባዋ ሩዙ ላይ እየተንጠባጠበ ዋጠች፤ ከዚያ ራሷ እጇን ወደ ሳህኗ ዘረጋች። እኔም አልቀረሁም። ሄል ጥርሴ ላይ ሲፈነዳ የተሰማኝን ቅዝቃዜ፣ የዘቢቡን ድንገተኛ ጣፋጭነት፣ በመስኮቱ የገባውን የኅዳር ብርሃን ለይቼ ማስታወስ አልችልም፤ ሦስቱ አንድ ጣዕም ሆነው ቀርተዋል።

ዘይነባ እንደ ሄደች አክስቴ ጀመረች።

«ቅቤ ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ?»

«ጾም ነዋ፣ አንቺ ሴት!»

«ቅቤ ነው ካለችኝ መመለስ ሊኖርብኝ ነው። ብመልስላት ደግሞ ያቺ ልጅ ተመልሳ ትተኛለች። ለዚህ ነው ያልጠየቅኋት፤ አሁን ተይኝ።»

ለንስሐ አባቷ ስትነግራቸው «ላልጠየቅሽው ስገጂ፤ ላጎረስሻት ግን እግዜር ይስጥሽ» እንዳሏት በኋላ እየሳቀች አጫውታኛለች። ሰገደችም። ዘይነባ ከዚያ ቀን ወዲህ በላች፣ ቀስ በቀስም ሳቋ ተመለሰ። ሆኖም ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ልማድ አመጣች፤ በጾም ቀን ወደ ቤታችን ስትመጣ ገና ከአጥሩ በር «በዘይት ነው!» ብላ ትጮኻለች። ዘይት የምትሸጥ ትመስል ነበርና ሰፈሩ ሁሉ ይስቃል፤ እናቴ ብቻ አትስቅም ነበር። ሩዙን ያመጣች ቀን ጾም እንደነበር አንድ ሰው ነግሯታል ማለት ነው። አክስቴ በማርያም ምላ ካደች።

ዘይነባና ባሏ ከጊዜ በኋላ ተዛውረው ሄዱ፤ ወሬያቸውም ጠፋ። የዛሬዎቹ ተከራዮቼ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋሉ አባባ» ይሉኛል፤ በራቸውን ዘግተው ይበላሉ፤ እኔም የእኔን ዘግቼ እበላለሁ። በእነሱ ቤት የሚበላው ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የምን ጾም እንደምጾምም እነሱ አያውቁም። በዚህ አኗኗር ማንም ማንንም አያስቀይምም፤ ሐዘንተኛ ቢኖርም ማንም አያጎርሰውም። ዛሬ ሽታው ሲመጣ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ግቢውን እስከ ግማሽ ሄጄ ምን ብዬ እንደማንኳኳ ጠፍቶኝ ተመለስሁ።

ጾም መሆኑን ለዘይነባ ማን እንደነገራት፣ ስትሰማም ልቧ አዝኖ እንደሆነ አልታወቀም። እናቴ ሳትጠይቃት ተለያዩ፤ ሳታውቀውም ዐረፈች።