ማሽላችን እንዳይወጣ ያገድን ጊዜ

ሁሉን በሊቀመንበሩ ላይ አልደፈድፍም፤ ያን ዕለት እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከኮምቦልቻ ወረድ ብላ ባለች አንዲት የቆላ ከተማ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ማሽላ በተወደደበት ዓመት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ፣ «የኮምቦልቻ ነጋዴ እህላችንን ጠርጎ እየወሰደው ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ኩንታል አትወጣም! ሲርባቸው መጥተው ይለምኑናል» አለ። በማግስቱ የከተማዋ መውጫ ላይ ኬላ ቆመ።

መጀመሪያ ማሽላ ረከሰና ደስ አለን። ቆየት ብሎ ገበሬው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ እህሉን ጎተራው ውስጥ ያዘ። ዘይቱን፣ ጨውን፣ ሳሙናውን ይዘውልን የሚመጡት ለካ እህል ሊጭኑ የሚመጡት መኪኖች ነበሩ። ባዶውን ለመመለስ ማን ይመጣል? ቀሩ። መደርደሪያዬ ተራቆተ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ አዛውንት ገበሬ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምራቴ ወልዳለች። አንዲት ሳሙና አታጪልኝም?»

«ወላሂ አባባ፣ አንድም የለኝ።»

«ጎተራዬ ሙሉ እህል ነው፤ የሕፃን ጨርቅ ማጠቢያ ግን አጣሁ!» ብለው እያዘገሙ ሄዱ። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በነጋታው ሳሙና ፍለጋ ኮምቦልቻ ወጣሁ። የድሮ ደንበኛዬን፣ ጅምላ አከፋፋዩን፣ «ማሽላ አጥታችሁ ተቸገራችሁ አይደል?» አልኩት።

«ኧረ ምን በወጣን! ከሌላ ቦታ ይገባልናል። ይልቅ እናንተ ምነው ጠፋችሁ?»

ማገዳችንን እንኳ አልሰማም!

በቀጣዩ ስብሰባ ተነሥቼ ያየሁትን ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ አላስጨረሰኝም፤ «አንቺ ለኮምቦልቻ ነጋዴ ነው እንዴ የምትሠሪው?» አለኝ። ይኼኔ አዛውንቱ ከኋላ ተነሡ።

«እሷን ተዋት። ለእኔ መልስልኝ፤ ማንን ነው ያስራብነው?»

ያም ሆኖ ኬላው የተነሣው ጎተራው ሁሉ ነቀዝ ከገባበት በኋላ ነው። እስከዚያ መኪኖቹ ሌላ መንገድ ለምደው ነበርና ብዙዎቹ አልተመለሱም። እኔም ሱቄን ዘግቼ ደሴ ገባሁ፤ ዛሬ እዚያው ሰኞ ገበያ በሚባለው ቦታ ልብስ እሸጣለሁ።

አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ ግን የሊቀመንበሩ ነገር ነው። ኬላውን ያስነሣ ዕለት ገበሬው ፊት ቆሞ፣ «ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች ትምህርት ሰጥተናቸዋል» አለ። ያ ሁሉ እህል ነቅዞ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ!